ወንበር ያልያዘ መኪና

(መርሳ፣ ግንቦት 2014 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም። የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ። ጦርነቱ ከከተማው ከወጣ አምስተኛ ወሩ ነው፤ መስኮቶቹ እስካሁን በላስቲክ እንደተሸፈኑ ናቸው፣ ጥግ ላይ የተቃጠለ ካሚዮን ቆሟል። አዲስ ነገር ቢኖር ከዋናው በር ፊት የተሠራው የሲሚንቶ መወጣጫና ከመወጣጫው ሥር መሬት ላይ በነጭ ቀለም የተሣለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ፒካፕ ተገትሯል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ቢኒያም፣ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ሊወርድ ሲል የግቢው ጥበቃ ጋሽ ይማም፣ ስልሳ ያለፋቸው ሰው፣ በዱላቸው የፊት ጎማውን ይነካሉ።)

ይማም፦ ኧረ አቶ ቢኒያም! ኧረ ጭንቅላቱ ላይ ቆሙበት!

ቢኒያም፦ (ዘሎ እየወረደ) ምን? የማን ጭንቅላት?

ይማም፦ የሰውየው!

ቢኒያም፦ (ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር እያየ) የታል? የታል ሰውየው? እመብርሃን ድረሽልኝ! እኔ እኮ በአንደኛ ማርሽ ነው የገባሁት!

ይማም፦ ቀኝ ጎማ ጭንቅላቱ ላይ፣ ግራ ጎማ ወንበሩ ላይ።

ቢኒያም፦ ታዲያ ምን ቆመው ያዩኛል? ሰው ይጥሩ እንጂ! ደሙ… ደሙ የት አለ?

ይማም፦ ደምስ የለውም። ቀለም ነው።

ቢኒያም፦ (ቀስ ብሎ ቀና እያለ) ጋሽ ይማም። ይህን ሥዕል ነው “ሰውየው” የሚሉት?

ይማም፦ ሴት ይመስላል እንዴ?

ቢኒያም፦ ልቤን ሊያቆሙት ነበር እኮ!

ይማም፦ ኧረ ልብዎን አይደለም። መኪናውን ነው ሌላ ቦታ ያቁሙት የምልዎት።

ቢኒያም፦ (ጉልበቱን እያራገፈ) እዚህ ነው የማቆመው። ጥላ ያለው ይህ ማንጎ ሥር ብቻ ነው። የመርሳ ፀሐይ መሪውን እንደ ምጣድ ነው የሚያግለው።

ይማም፦ ካሚዮኑ አጠገብ ቦታ አለ።

ቢኒያም፦ ከተቃጠለ መኪና አጠገብ? መኪናዬ ምን ይሰማዋል?

ይማም፦ እሱስ እውነትዎን ነው። ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል። (ዓይናቸውን ጨፍነው) “ተሽከርካሪ ወንበር ያልያዘ ተሽከርካሪ… በዚህ ስፍራ ማቆም… በጥብቅ የተከለከለ ነው።” ከሥሩ ፊርማ አለበት።

ቢኒያም፦ የማን ፊርማ?

ይማም፦ የእርስዎ።

ቢኒያም፦ አዎ፣ የኔ ነው! እኔ የጻፍኩት ክልከላ እኔን ይከለክለኛል? ጋሽ ይማም፣ አንቱ ይህ ነገር አልገባዎትም፤ አይፈረድብዎትም። እኔ በዚህ ጉዳይ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ አምስት ቀን ሠልጥኛለሁ። ሰርተፍኬት አለኝ። “ተደራሽነት” ይባላል።

ይማም፦ ተ… ምን?

ቢኒያም፦ ተደራሽነት! አገልግሎት እያንዳንዱ ሰው ጋ መድረስ አለበት ማለት ነው። እግር ያለውም ጋ፣ እግር የሌለውም ጋ።

ይማም፦ ማሻአላህ! እና ብርቱካን ጋ መቼ ይደርሳል?

ቢኒያም፦ የቷ ብርቱካን?

ይማም፦ ያቺ አስተማሪዋ። ሲሪንቃ ላይ ከባድ መሣሪያ ቤቷ ላይ ወድቆ ወገቧን የመታት። ዛሬም መጥታለች፤ ከሲሪንቃ በሚኒባስ፣ ከመነኻሪያ በጋሪ። ያውና በር ላይ፣ ጋሪው ላይ እንደተቀመጠች ናት።

ቢኒያም፦ በአንቱ በኩል ሦስት ጊዜ አስነገርኳት እኮ! በእርዳታ የመጡት ስድስቱም ተሽከርካሪ ወንበሮች መጋዘን ገብተዋል፤ ላስቲካቸው እንኳ አልተነካም። ነገር ግን የርክክብ ሥነ ሥርዓት አልተደረገም። ባነሩ ገና አልታተመም። ያለ ባነር ወንበር ይሰጣል?

ይማም፦ ባነሩ ላይ ነው የምትቀመጠው?

ቢኒያም፦ ኧረ በእግዚአብሔር! ባነሩ ከኋላ ይሰቀላል፣ ወንበሩ ከፊት ይሰለፋል፣ እኔ መሐል እቆማለሁ። አየር ላይ የሚውል ነገር ነው።

ይማም፦ ርዕሰ መምህሩ “በሰው ሸክም እየመጣሽ ማስተማር አይሆንም፤ ከነገ ጀምሮ ራስሽን ችለሽ ክፍል ካልገባሽ ሌላ ሰው እተካለሁ” ብሏታል አሉ።

ቢኒያም፦ ትታገሣ! የተጎዳው ወገቧ ነው፤ ትዕግሥቷ መች ተጎዳ?

ይማም፦ (ወደ ጎማው እየዞሩ) እሺ፣ ወደ መኪናው እንመለስ። ወንበር ይዘዋል?

ቢኒያም፦ እኔ ራሴ ወንበር ያለኝ ሰው ነኝ! የክፍል ኃላፊ ነኝ!

ይማም፦ እሱስ ነዎት። ጎማ አለው?

ቢኒያም፦ ምኑ?

ይማም፦ ወንበርዎ።

ቢኒያም፦ አለው! አምስት ጎማ! በጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ይሽከረከራል!

ይማም፦ እሱማ በጦርነቱ ጊዜ ተጭኖ ሄደ። እዚሁ ቆሜ በዓይኔ አይቸዋለሁ። አሁን የሚቀመጡት ከትምህርት ቤት በተዋሱት ዴስክ ላይ አይደል?

ቢኒያም፦ (ተቆጥቶ) ወንበር ማለት ሥልጣን ማለት ነው! ዕቃው ቢዘረፍም ሥልጣኑ አልተዘረፈም!

ይማም፦ አልሀምዱሊላህ! ሥልጣኑንማ እርስዎ ይዘውት ደሴ ሄደው ነበር፤ ከደሴም አዲስ አበባ። ማን ደርሶ ይዘርፈዋል?

ቢኒያም፦ ደግሞስ እኔም ጉዳተኛ ነኝ። እሑድ ኳስ ስጫወት እግሬን ወለም ብሎኛል። (ሁለት እርምጃ ያነክሳል)

ይማም፦ አላህ ያሽርዎት! የቱን እግርዎን?

ቢኒያም፦ ቀኙን።

ይማም፦ የሚያነክሱት በግራው ነው።

ቢኒያም፦ (እግር እየቀየረ) ቀኙ ሲያመኝ ግራው ያግዘዋል!

ይማም፦ (ከጥበቃ ቤቱ ሽፋኑ የተላጠ መዝገብ አምጥተው) እንግዲያው ልጻፈው።

ቢኒያም፦ ምኑን ነው የሚጽፉት?

ይማም፦ (ምላሳቸውን ነክሰው እየጻፉ) “ሥዕሉ ላይ የቆመ፦ አንድ ፒካፕ። ያቆመው፦ አቶ ቢኒያም። ወንበር፦ የለም።” “የለም” በየትኛው “ለ” ነው?

ቢኒያም፦ “ለ” አንድ ብቻ ነው!

ይማም፦ በሉ እንግዲህ፣ በእሱው ልጻፈው።

ቢኒያም፦ ኧረ ይተዉት! ለማን ብለው ነው?

ይማም፦ ከደሴ ደውለዋላ። ወንበሮቹን የላኩት የእርዳታ ድርጅት ሰዎች። “አራት ሰዓት ላይ እንደርሳለን፤ መወጣጫውንና የመኪና ማቆሚያውን ፎቶ እናነሳለን፣ የበር መዝገቡንም እናያለን” አሉ።

ቢኒያም፦ አራት ሰዓት?! (ሰዓቱን አይቶ) ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው! ይህ አሁን ነው የሚነገረኝ?

ይማም፦ የሰውየው ጭንቅላት ይቅደም ብዬ ነው።

(ቢኒያም መኪናው ውስጥ ዘሎ ይገባል። ቁልፉን ያዞራል። መኪናው “ክ… ክ… ክ…” ብሎ ዝም ይላል።)

ቢኒያም፦ ወይኔ! ባትሪው ሞተ!

ይማም፦ (ለሞተ ሰው እንደሚባለው) ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ቢኒያም፦ ጠዋትም ሦስት ሰው ገፍቶ ነው ያስነሳልኝ! ሠራተኛው ሁሉ የት ገባ?

ይማም፦ ወልድያ፣ ስብሰባ። እርስዎ ነዎት የላኳቸው።

ቢኒያም፦ እንግዲያው አንቱና እኔ እንግፋው!

ይማም፦ ወዴት? ወደፊት መወጣጫው አለ፣ ወደኋላ ዳገት ነው።

ቢኒያም፦ ወደኋላ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

(ይገፋሉ። ፒካፑ አንድ ክንድ ያህል ወደኋላ ሄዶ ትንሽ ያመነታና ቁልቁል ተንሸራቶ ቦታው ይመለሳል።)

ይማም፦ ጭንቅላቱ ላይ ተመለሰ።

ቢኒያም፦ ጭንቅላቱን ይተዉት አልኩዎት! (መሬት ላይ ቁጭ ብሎ) አለቀልኝ። የኔ መኪና፣ በኔ ፊርማ ሥር፣ በፎቶ!

ይማም፦ አብሽሩ አቶ ቢኒያም። ማስታወቂያውን ልቅደደው?

ቢኒያም፦ ባለፈው ሳምንት ፎቶ አንስቼ ልኬላቸዋለሁ! “ይህን የመሰለ ጥብቅ ደንብ አውጥተናል” ብዬ!

ይማም፦ እኔ እንግዲህ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ወንበር ከያዘ ይቆማል፣ ወንበር ካልያዘ አይቆምም።

ቢኒያም፦ እሱን አሥር ጊዜ ነገሩኝ! ወንበር ከያዘ ይቆማል፣ ወንበር ካል… (ፊቱ ይበራል። ይነሣል) ጋሽ ይማም።

ይማም፦ አቤት።

ቢኒያም፦ መማር ማለት ይህ ነው። መጋዘን ውስጥ ስድስት ወንበር አለኝ። አንዱን አምጥቼ ፒካፑ ላይ ብጭነው መኪናው ምን ሆነ?

ይማም፦ ከበደ።

ቢኒያም፦ ሕጋዊ ሆነ! ተሽከርካሪ ወንበር የያዘ ተሽከርካሪ!

ይማም፦ አጃኢብ!

ቢኒያም፦ ለአንቱ እንዲህ ያለ ሐሳብ በመቶ ዓመትም አይመጣልዎት!

ይማም፦ ከየት መጥቶ።

(ቢኒያም ወደ ውስጥ ይሮጣል፤ ማንከሱን ረስቶታል። ላስቲኩ ያልተገፈፈ አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ በመወጣጫው ቁልቁል ይመጣል። ግርጌው ላይ ሲደርስ የፒካፑ አፍንጫ መንገዱን ዘግቶታል። በግራ ይሞክራል፣ በቀኝ ይሞክራል፣ በመጨረሻ ወንበሩን አናቱ ላይ ተሸክሞ በኮፈኑ ላይ እየዳኸ ይሻገራል።)

ቢኒያም፦ (እያለከለከ) የትኛው ደንቆሮ ነው መወጣጫው አፍ ላይ መኪና ያቆመው?!

ይማም፦ (መዝገቡን ገልጠው) ጽፌዋለሁ። ላንብብልዎት?

ቢኒያም፦ ይዝጉት! ይልቅ ያግዙኝ፣ እንጫነው!

ይማም፦ ቆዩ እስቲ። ሞዴል 22ቱስ?

ቢኒያም፦ የምን ሞዴል 22?

ይማም፦ የንብረት ማውጫው ነዋ። ከዘረፋው በኋላ “ያለ ሞዴል 22 ከመጋዘን መጥረጊያ እንኳ ብትወጣ አንቱን ነው የማሳስረው” ብለውኝ የለ?

ቢኒያም፦ ከግቢ አይወጣም እኮ!

ይማም፦ ከመጋዘን ወጥቷላ። እንግዶቹ “ይህ ወንበር በምን ወጣ?” ቢሉኝስ? “በኮፈን ላይ ወጣ” ብዬ ልጻፍ?

ቢኒያም፦ ምንም እንዳይጽፉ! (ከመኪናው ውስጥ ጥራዙን አውጥቶ በችኮላ ይሞላል) “ዓይነት፦ ተሽከርካሪ ወንበር። ብዛት፦ አንድ። አስረካቢ፦ ቢኒያም። ተረካቢ…” (ብዕሩ ይቆማል) ተረካቢ ማን ልበል?

ይማም፦ ፒካፑ።

ቢኒያም፦ ፒካፕ ይፈርማል?

ይማም፦ እርስዎ ይፈርሙለታ።

ቢኒያም፦ አስረካቢም እኔ፣ ተረካቢም እኔ? ኦዲተር በቁሜ ይበላኛል! አንቱ ይፈርሙ።

ይማም፦ እኔ ይፈርሙ ካሉኝ እፈርማለሁ። ግን “ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ወንበር የተረከበው?” ቢሉ፣ እግሬ ደህና ነው። (ሁለት ጊዜ ይዘላሉ) ይኸው።

ቢኒያም፦ አይዝለሉ! በእናትዎ አይዝለሉ! የማይሄድ ሰው ነው የሚያስፈልገን። በዚህች ደቂቃ የማይሄድ ሰው ከየት ይመጣል?

ይማም፦ (ራሳቸውን እያከኩ) ከየት ይመጣል… ከየት ይመጣል…

ቢኒያም፦ ያስቡ እንጂ!

ይማም፦ እያሰብኩ ነው። እኔ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣልኝ።

ቢኒያም፦ አገኘሁ! ያቺ! ጋሪ ላይ ያለችው!

ይማም፦ ብርቱካን? እሷማ አትሆንም።

ቢኒያም፦ ለምን አትሆንም?

ይማም፦ ባነሩ አልታተመማ።

ቢኒያም፦ ባነሩ ገደል ይግባ! ይጥሯት!

(ይማም በሩን ይከፍታሉ። ጋሪው ይገባል። ብርቱካን ሠላሳ ዓመት ግድም ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ደብተር የሞላበት የጨርቅ ቦርሳ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ይማምና ባለጋሪው ደግፈው ወንበሩ ላይ ያስቀምጧታል።)

ቢኒያም፦ (ፈገግታው ጆሮው ድረስ) እህቴ ብርቱካን! እንኳን ደህና መጣሽ! መሥሪያ ቤታችን ስንት ቀን ሲጠብቅሽ ከረመ!

ብርቱካን፦ እኔን? ሦስት ጊዜ መልሳችሁኝ አልነበር? ሥነ ሥርዓቱ ዛሬ ሆነ እንዴ?

ቢኒያም፦ አዎ፣ አጠር ያለ ሥነ ሥርዓት ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ። (ወደ ይማም ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ) ጎብኚዎቹ እስኪሄዱ ነው። ከዚያ መልሼ መጋዘን አስገባዋለሁ።

ይማም፦ (ጮክ ብለው) ምን አሉኝ? መልሰው መጋዘን ሊያስገቡት ነው?

ቢኒያም፦ ሽሽሽ!

ብርቱካን፦ (ወረቀቱን እያየች) “የወጣበት ምክንያት” የሚለው ባዶ ነው። ሳይሞላ አልፈርምም፤ መምህር ነኝ፣ ባዶ ቦታ አልወድም።

ቢኒያም፦ ምን ይጻፍ? ጋሽ ይማም፣ ምን ልበል?

ይማም፦ እውነቱን ይጻፉታ። “ለፎቶ” ይበሉት።

ቢኒያም፦ ሊያስገድሉኝ ነው?! (እየጮኸ ይጽፋል) “ለተጠቃሚዋ… ለቋሚ አገልግሎት… ተሰጠ!” ይኸው! (ከኪሱ ማኅተም አውጥቶ እፍ ብሎ ይመታበታል)

(ብርቱካን ትፈርማለች። ቅጂዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። እጆቿን ጎማዎቹ ላይ ታሳርፋለች። ወደፊት ትገፋለች፤ ወንበሩ ይሄዳል። ማንጎውን አንድ ጊዜ ትዞረዋለች። ባለጋሪው ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ በዓይኗ ትመልሰዋለች።)

ብርቱካን፦ ስምንት ወር። ስምንት ወር ሙሉ “ወዴት ልውሰድሽ?” ስባል ነው የኖርኩት። (ደግማ ትገፋለች) አሁን የምሄድበትን ለማንም አልናገርም።

ቢኒያም፦ በጣም ልብ የሚነካ ነው። አሁን ነይ፣ እዚህ ፒካፑ አጠገብ ተጠጊና…

ብርቱካን፦ ቢሮ ገብቼ ሁላችሁንም ላመሰግን ነበር፤ መወጣጫውን መኪና ዘግቶታል። ይልቅ ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ትምህርት ቤቴ ልድረስ። እግዜር ይስጥልኝ አቶ ቢኒያም። (ወደ በሩ ታመራለች)

ቢኒያም፦ የት ነው? ቆይ! ብርቱካን! ቁሚ!

ብርቱካን፦ (ሳትዞር) እሱን እንኳ አልችልም።

ቢኒያም፦ ጋሽ ይማም! በሩን ይዝጉት!

ይማም፦ (በሩን ወለል አድርገው ከፍተው) ሞዴል 22 ይዛለች። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። በምን ሕግ ላስቆማት?

(ብርቱካን ትወጣለች። ባዶው ጋሪ ይከተላታል። የጎማዋ ድምፅ አስፋልቱ ላይ እየራቀ ይሄዳል።)

ቢኒያም፦ ጎብኚዎቹስ? አራት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል!

ይማም፦ እነሱማ የሚመጡት ሐሙስ ነው።

ቢኒያም፦ ሐሙስ?! ዛሬ ማክሰኞ ነው!

ይማም፦ አዎ፣ ማክሰኞ ነው።

ቢኒያም፦ አራት ሰዓት አላሉኝም?

ይማም፦ ብያለሁ። ቀኑን መች ጠየቁኝ?

ቢኒያም፦ (ቀስ ብሎ) አውቀው ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀው ነው ይህን ሁሉ ያደረጉት?

ይማም፦ (መዝገቡን እየዘጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ልጄ፣ ሦስት ጊዜ መጣች፣ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ወንበሩ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ እንዳለ እያወቅሁ፣ ያንተን ቃል በኔ አፍ እየተናገርኩ። ዛሬ ጋሪው ሲመጣ አፌ እምቢ አለኝ።

ቢኒያም፦ እኔ እኮ… እኔ እኮ አንቱን ነገር የማይገባዎት ሰው ነበር የሚመስሉኝ።

ይማም፦ ነገሩስ ገብቶኝ አያውቅም። ስድስት ወንበር ቆልፎ ስድስት ሰው መሬት ላይ ማስቀመጥ እንዴት ሊገባኝ ይችላል?

ቢኒያም፦ አስመልሰዋለሁ! ተከትያት ሄጄ አስመልሰዋለሁ!

ይማም፦ በምን ተከትለው?

(ቢኒያም ፒካፑን ያያል። ፒካፑ ዝም ብሏል። ትከሻው ይወርዳል፤ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ኪሱ ይከታል።)

ቢኒያም፦ እሺ። ተሸንፌያለሁ። ቢያንስ አንድ አራት ሰው ከመንገድ ይጥሩልኝና ይህን መኪና ከዚህ እናንሣው።

ይማም፦ ኧረ ምን አስቸኮለዎት አቶ ቢኒያም! እስከ ሐሙስ እዚሁ ይቁም እንጂ። ገና አምስት ወንበር ይቀረናል።